ስሙ በዋሽንግተን፣ ቡናው በጌዴኦ፦ የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር የንግድ ምልክት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2004 ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ስም በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብለት ለአገሩ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት አመለከተ። በፀሐይ የደረቀ የሲዳሞ ቡና ነው፤ ከፊቱ የአማርኛ ቃል ተጨምሮበታል። በዓመቱ፣ በማርች 2005፣ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» የተባሉት ስሞች በኢትዮጵያ መንግሥት ባለቤትነት እንዲመዘገቡ ለዚያው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አቀረበ። ስለ ሲዳሞ ያገኘው መልስ፣ ቀድሞ የገባ ማመልከቻ ስላለ ተራ ጠብቅ የሚል ነበር። የቡናው አገር በገዛ ስሙ ወረፋ ያዘ።

ይህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ድሃ አገር ግዙፍ ኩባንያን እንዳንበረከከች ተደርጎ ነው። ታሪኩ በ2007 በተፈረመው ስምምነት አብቅቶ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ማለት ባላስከፋ። ከስምምነቱ በኋላ የመጣው ግን ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ። ስሙ የተመዘገበው በዋሽንግተን ቢሆንም፣ ስሙ ምን ያህል እንደሚያወጣ የተወሰነው ከጌዴኦ ማጠቢያ ጣቢያ እስከ ጅቡቲ ወደብ ባለው መንገድ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ያው መንግሥት በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሁለት ትልልቅ ፈጠራዎችን፣ የንግድ ምልክቱንና የምርት ገበያውን፣ አስገብቷል፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ጥሩ ነበሩ፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አልተስማሙም። (በአዋጅ ቁጥሮች ውስጥ ካሉት በስተቀር፣ በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ቡና የተነቀለበት ዘመን

የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት በ1989 ሲፈርስ አምራች አገሮች ምርታቸውን ያለ ገደብ ወደ ገበያ ለቀቁት። ከዚያም ቬትናም በብዛት ገባች። በ2001 የዓለም አማካይ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ፤ አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በ1990ዎቹ ከወጪ ንግድ ገቢዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከቡና ታገኝ ለነበረችው ኢትዮጵያ ይህ የአንድ ሰብል ችግር ብቻ አልነበረም። በሐረርጌ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ምርጫው የሚያስወቅሰው አልነበረም፤ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገዢውም ደጃፍ ድረስ ይመጣል።

የሚገርመው በዚያው ዘመን በሀብታሞቹ አገሮች ጥሩ ቡና የሚፈልግ ጠጪ እየበዛ መምጣቱ ነው። በሲያትልም ሆነ በለንደን መደርደሪያ ላይ «ይርጋጨፌ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት፣ ስም ከሌለው ቡና ይልቅ በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበር። ላኪው ግን ዋጋ የሚደራደረው የኒውዮርክን ገበያ ተመን ይዞ፣ በላዩ ላይ ጥቂት ሳንቲም አስጨምሮ ነው። ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ከጣዕም አልባው ጋር በአንድ ሚዛን ይለካ ነበር ማለት ነው።

የዘመቻው አራማጆች ኋላ ላይ ደጋግመው የሚጠቅሱት ንጽጽር አለ፤ በአሜሪካ በፓውንድ እስከ 26 ዶላር ከሚሸጥ የኢትዮጵያ ቡና አምራቹ የሚደርሰው ከ1.10 ዶላር አይበልጥም የሚል። ቁጥሩ ስሜት ይነካል፤ ለሒሳብ ግን አይመችም። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ በግምት ከስድስት አንዱን እጅ ያጣል፤ የመርከቡ፣ የቆዪው (ቡናውን ቆልቶ የሚሸጠው ድርጅት)፣ የሱቁ ኪራይና የሠራተኛው ደመወዝ ሁሉ በ26 ዶላሩ ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላም ግን የሚቀር ነገር ነበር። ያ ትርፍ ለስሙ የሚከፈል ነበር፤ በስሙ ላይ ደግሞ ገበሬው ምንም መብት አልነበረውም።

ለምን የንግድ ምልክት?

ይህን ያዩት በዚያን ጊዜ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ጌታቸው መንግሥቴ እና መቀመጫውን ዋሽንግተን ያደረገው ላይት ይርስ አይፒ የተባለ ድርጅት ነበሩ። የብሪታንያ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ሰጠ፤ አርኖልድ ኤንድ ፖርተር የተባለው የዋሽንግተን የሕግ ድርጅት ያለ ክፍያ ቆመላቸው። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የመረጡትን መንገድ ነው። ለግብርና ምርት የተለመደው ጥበቃ ጂኦግራፊያዊ አመልካች የሚባለው ነው። የፈረንሳይ ሻምፓኝ፣ የጣሊያን ፓርሜዛን በዚህ ይጠበቃሉ፤ ምርቱ ከዚህ ወሰን ውስጥ፣ በዚህ ዘዴ መመረቱ ይመሰከርለታል። ስታርባክስም ኢትዮጵያ ይህን መንገድ ብትከተል ይሻላል እያለ ይከራከር ነበር፤ በአሜሪካ ሕግም የማረጋገጫ ምልክት የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ። ለኢትዮጵያ ይህ ምክር ቀና ቢመስልም ወጥመድ ነበረበት። አመልካች የሚሠራው የሚመሰክር ተቋም ሲኖር ነው። የኢትዮጵያ ቡና ግን በአብዛኛው የሚመረተው በሚሊዮን በሚቆጠሩ አነስተኛ ማሳዎች ነው፤ ብዙዎቹ ግማሽ ሄክታር ያህል ናቸው፤ ቡናው ከእንሰት፣ ከአቮካዶና ከጥላ ዛፍ ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል። ገበሬው እሸቱን በጀርባው ወይም በአህያ ይዞ ለሰብሳቢ ያስረክባል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው ለላኪ። እያንዳንዱን ከረጢት ከየማሳው ተከትሎ የሚመሰክር ሥርዓት መዘርጋት ለዚያን ጊዜዋ ኢትዮጵያ የማይታሰብ ወጪ ነበር፤ ወጪውም ዞሮ ዞሮ በገበሬው ላይ ነው የሚያርፈው።

የወሰኑ ነገርም አለ። ሲዳሞ የቀድሞው ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ በ1990ዎቹ ክልሎች ሲዋቀሩ ስሙ ከአስተዳደር ካርታ ጠፋ፤ መሬቱ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጉጂና በቦረና ተከፋፈለ። ከወሰን ጋር የተሳሰረ ጥበቃ ቢመረጥ ኖሮ ገና ከመጀመሪያው የማን ቀበሌ ይግባ የሚል ጭቅጭቅ ይነሣ ነበር። የንግድ ምልክት ግን ወሰን አይጠይቅም። ባለቤቱ አንድ ነው፤ ማን በስሙ እንደሚጠቀም የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ፈቃድ ሲሰጥ ውል ያስፈርማል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ውሳኔ መጣ፤ ፈቃዱ በነፃ ይሰጥ ተባለ። ሮያሊቲ፣ ማለትም በስሙ ለመጠቀም የሚከፈል ገንዘብ፣ የለም። ቆዪውና አስመጪው የሚጠበቅባቸው ስሙን በከረጢቱ ላይ በትክክል መጻፍ፣ ለተባለው ቡና ብቻ መጠቀምና ቡናውን ለደንበኞቻቸው ማስተዋወቅ ነበር። ስሌቱ ይህ ነው፦ ገዢው ለስሙ ክፍያ ከተጠየቀ ስሙን ትቶ «የምሥራቅ አፍሪካ ቡና» ብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ በነፃ ከተሰጠው ግን ስሙ ይስፋፋል፤ ስሙ በጠጪው አፍ ላይ ከጸና በኋላ ላኪው በዋጋ ላይ የመደራደር አቅም ያገኛል። አንዳንዶች ይህን ሞኝነት ብለውታል። እኔ የማየው ግን የራሱን አቅም በደንብ ያወቀ ሰው ያወጣውን ዕቅድ ነው፤ አንድ ሳንቲም ሮያሊቲ ለመሰብሰብ በመላው ዓለም ተቆጣጣሪ ማሰማራት የማይችል መንግሥት ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ክርክሩ

ክርክሩ ራሱ ብዙ ተጽፎበታል፤ በአጭሩ ልለፈው። ይርጋጨፌ በኦገስት 2006 ያለ ብዙ ችግር ተመዘገበ። በሐረርና በሲዳሞ ላይ ግን ስታርባክስ አባል የሆነበት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ስለሆኑ ማንም የግሉ ሊያደርጋቸው አይችልም በሚል። ሐረር በኦክቶበር 2005፣ ሲዳሞ በኦገስት 2006 ውድቅ ተደረጉ። ስታርባክስ የራሱን ማመልከቻ በመሀል የተወው ሲሆን፣ ከተቃውሞው ጀርባ አለህ መባሉንም አስተባብሏል።

በኦክቶበር 2006 ኦክስፋም የተባለው የረድኤት ድርጅት ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። ከ90,000 በላይ ሰዎች ለኩባንያው ደብዳቤና ፋክስ ላኩ፤ በየሱቁ በራፍ ሰልፍ ተደረገ። ድርጅቱ ስሞቹ ቢጠበቁ ኢትዮጵያ በዓመት 88 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ታገኛለች የሚል ግምት አሰራጨ፤ ይህ ቁጥር ኋላ ላይ የተስፋ ሸክም ሆኖ ቀረ። በኖቬምበር የስታርባክስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጂም ዶናልድ አዲስ አበባ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተነጋገሩ። በጁን 2007 ኩባንያው ፈረመ፤ ምዝገባው ጸደቀም አልጸደቀም ሦስቱ ስሞች የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀበለ። በ2008 መጀመሪያ ሲዳሞም በአሜሪካ ተመዘገበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 100 የሚጠጉ አስመጪዎችና ቆዪዎች ፈቃድ ወሰዱ።

ጃፓን ትንሽ ቆይታ የራሷን ክርክር ከፈተች። የአገሪቱ የቡና ማኅበር ምዝገባው እንዲሰረዝ ጠይቆ ተሳክቶለት ነበር፤ በ2010 የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስሞቹ ለይተው የሚያሳውቁ ናቸው ብሎ ውሳኔውን ሻረ፤ ነገር ግን ጥበቃው በእርግጥ ከዚያ አካባቢ ለበቀለ ቡና ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ይህ ሁለተኛው ነጥብ በአዲስ አበባ ብዙም አልተወራበትም። ለእኔ ግን ከአሜሪካው ድል ይልቅ ቁምነገር ያለበት ይህ ነው፤ ስሙ የአንተ ነው፣ ቡናው ከዚያ መምጣቱን ግን አሳየኝ ማለት ነውና።

ሁለተኛው ፈጠራ

በጌዴኦ በምርት ወቅት ወደ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ የምታዩት ይህን ነው፦ ገበሬው ቀይ እሸቱን በማዳበሪያ ይዞ ይሰለፋል፤ መዛኙ አረንጓዴውን ያስለቅማል፤ በሚዛን ላይ ይወጣል፤ ኪሎው በወረቀት ተጽፎ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የእከሌ ቡና የሚባል ነገር የለም። የብዙ ገበሬዎች እሸት በአንድ ገንዳ ገብቶ ይፈለፈላል፣ ይቦካል፣ ይታጠባል፣ በሽቦ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሴቶች ጉድለት ያለበትን እየለቀሙ ይደርቃል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ይወስዳል። ስለዚህ ቡና ለገዢው የሚናገረው ትንሹ አድራሻ የገበሬው ማሳ ሳይሆን ጣቢያው ነው፤ ጣቢያው፣ ቀኑ፣ የደረቀበት አልጋ።

ይህ አድራሻ ከጣቢያው ወጥቶ ምን ያህል ይጓዛል? መልሱ በ2008 መጨረሻ ተቀየረ።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በኤፕሪል 2008 ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። የተፀነሰው ለእህል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ወድቆ በማሳ ላይ ሲቀር፣ ወዲያው በቀጣዩ ዓመት ረሃብ መግባቱ፣ ገበያ መረጃና ማከማቻ ከሌለው ምርት ብቻውን እንደማያድን አሳይቶ ነበር። የእህሉ ግብይት ግን ቀዝቃዛ ሆነ፤ በዲሴምበር 2008 ቡና በሕግ አስገዳጅነት ወደዚያ ገባ። ከ1972 ጀምሮ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይካሄድ የነበረው የቡና ጨረታ ቀረ። ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የራሳቸው እርሻ ካላቸው አልሚዎች በስተቀር ሁሉም በምርት ገበያው በኩል እንዲያልፍ ተደነገገ።

ያስገኘውን ጥቅም ማሳነስ አይገባም። ከዚያ በፊት አቅራቢው ቡናውን አዲስ አበባ አድርሶ ገንዘቡን ለወራት የሚለምንበት፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። በምርት ገበያው ክፍያ በማግስቱ ይገባል። ዋጋው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ተሰልቶ በዕለቱ በየከተማው በቆሙ ሰሌዳዎችና በስልክ ይነገራል። ገዢና ሻጭ በግብይት ወለሉ ላይ በጩኸት ተደራድረው እጅ ለእጅ ሲማቱ ውል ታሰረ ማለት ነው፤ ወለሉ በ2015 ወደ ኤሌክትሮኒክ እስኪዞር ድረስ ይህ ለጎብኚ ሁሉ የሚታይ ትርኢት ነበር።

ነገር ግን እንዲህ ያለ ገበያ የሚሠራው ዕቃው አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። የታሸገው የጭነት መኪና ከዲላ ወይም ከሐዋሳ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወጣል፤ ናሙናው ቀማሹ የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ኮድ ይሰጠዋል፤ 40 በመቶ በጥሬው መልክ፣ 60 በመቶ በስኒ ጣዕም ተመዝኖ ዓይነት፣ አካባቢና ደረጃ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ ሻጩ በእጁ የሚይዘው የመጋዘን ደረሰኝ ነው፤ ገዢውም የሚገዛው «የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ደረጃ 2» የሚል ምድብ ነው። የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ አይነገረውም። ጉቦንና መሞዳሞድን ለማስቀረት የታሰበው መጋረጃ፣ የጣቢያውንም ስም አብሮ ሸፈነው።

ስሙና ምድቡ

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ምርት ገበያው የንግድ ምልክቱን አፈረሰ የሚሉ አሉ፤ አባባሉ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ምልክቱ የተመዘገበው በአካባቢ ስም ነው፤ ምርት ገበያውም የአካባቢውን ስም ለይቶ ይሸጥ ነበር። እንዲያውም ገለልተኛ ቀማሽ «ይህ ይርጋጨፌ ነው» ብሎ መፈረሙ፣ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ሊሠራው ያልቻለውን ምስክርነት በነፃ ሰጥቶታል።

ችግሩ ገበያው ከዚያ አልፎ ወደ ፊት መሄዱ ነበር። በ2004 ለአሜሪካ ጠጪ «ይርጋጨፌ» የመጨረሻው ዝርዝር ነበር፤ ከዚያ በታች የሚጠይቅ አልነበረም። በ2010 አካባቢ ግን ከፍተኛ ዋጋ የሚከፍሉት ትንንሽ ቆዪዎች የሚፈልጉት በጌዴኦ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ አካባቢዎች፣ ቆንጋን፣ አሪቻን፣ ኮቸሬን ነበር፤ ጣቢያውን፣ ከፍታውን፣ የታጠበበትን ሳምንት። ለዓመታት በሲዳሞ ስም ሲሸጥ የኖረው የጉጂ ቡና የራሱን ስም አወጣ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ ጉጂ ብሎ መጻፍ ብቻውን ዋጋ ያስጨምራል፤ ከሦስቱ የመጀመሪያ ምልክቶች መካከል ግን የለም። የንግድ ምልክቱ ትላንት ስሙ የነበረበትን እርከን ጠበቀ፤ አዲሱ ዋጋ ከዚያ በታች ባለው እርከን ላይ እየተፈጠረ ነበር፤ ያን እርከን ደግሞ የምርት ገበያው ምድብ ይውጠው ነበር።

የውጭ ገዢዎች በ2009 አጥብቀው ጮኹ። ምርት ገበያው በ2010 ልዩ ቡናን ከውጭ ገዢ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ጨረታ ሞከረ፤ ብዙም አልተራመደም። በዚህ መሀል የተጠቀሙት በቀጥታ የመላክ መብት የቀረላቸው ዩኒየኖች ናቸው፤ የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የይርጋጨፌ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የጣቢያቸውን ስም ይዘው ስለሚሸጡ፣ አድራሻ የሚፈልግ ገዢ ወደ እነርሱ ሄደ። የግል ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ነጋዴ ግን ቡናውን ከሌሎች ለይቶ ለማሳመር የሚያወጣው ገንዘብ በምድቡ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ለምን ያወጣል? አንድ ተጨማሪ ቀን በአልጋ ላይ ማቆየት፣ ለለቃሚዎች ጥቂት ብር መጨመር፣ ይህ ሁሉ የሚከፈለው የጣቢያው ስም ከቡናው ጋር ከተጓዘ ብቻ ነው። ሥራ ፈጣሪነትን በሥልጠናና በብድር ብቻ ለሚያስቡ ይህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል፤ ሰውየው ገንዘቡም ሙያውም ነበረው፤ ያጣው ጥሩ ሥራውን የሚያሳይበት መንገድ ነው።

መንግሥት ይህን ለመቀየር አሥር ዓመት ገደማ ወሰደበት። በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 በምርት ገበያው የሚያልፈውም ቡና መነሻው እንዲታወቅ፣ ላኪ ከአቅራቢና ከአምራች ጋር በቀጥታ እንዲተሳሰር በሩን ከፈተ። ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በ2020 ኢትዮጵያ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለውን የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስተናግድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ በፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ፤ ለውድድሩ ያለፉት ቡናዎች በአጠቃላይ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኙ። መጠኑ ከአገሪቱ ወጪ ንግድ አንጻር ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ከረጢቱ ላይ የአንድ ገበሬ ስም ነበረበት።

በሦስተኛ በኩል የሚፈስ

ስለ ምልክቱ ዋጋ ሲወራ የሚዘለል ሌላ ነገር አለ፤ ላኪው። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ በባንክ ወረፋ የሚገኝ ነገር ነበር፤ ቡና የላከ ነጋዴ ግን ከዶላሩ ከፊሉን ለራሱ ማስመጫ ያስቀር ነበር። ስለዚህ ቡናን በአገር ውስጥ በውድ ገዝቶ ለውጭ ገዢ በኪሳራ መሸጥ፣ በዶላሩ መኪና፣ መለዋወጫ ወይም ብረት አስመጥቶ ኪሳራውን ከነወለዱ መመለስ የተለመደ ስልት ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ ላኪ የቡናው ስም ምንም አይደለም፤ ፈጥኖ መሸጡ ነው የሚያስጨንቀው። ገዢውም ይህን ያውቃል፤ አንድ ላኪ ይርጋጨፌን በደህና ዋጋ ሲያቀርብለት ሌላው ከዚያ በታች እንደሚጥልለት እየጠበቀ ይደራደራል። በኋላ የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ እያወጣ ከዚያ በታች የተዋዋለውን ማገድ ጀመረ።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ምልክቱ ለገበሬው ስንት ብር ጨመረለት ለሚለው ጥያቄ ንጹሕ ቁጥር ማቅረብ አይቻልም። ከ2005 በኋላ ዋጋ በእርግጥ ወጥቷል፤ ነገር ግን የዓለም ዋጋም አብሮ ወጥቷል። በ2021/22 ኢትዮጵያ 300,000 ቶን ገደማ ልካ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ስታገኝ በብራዚል የደረሰው ውርጭ ዋጋውን ሰቅሎት ነበር። ለስሞቹ ሁሉን ማመስገን ስህተት ነው። ምልክቱ በማያጠራጥር ሁኔታ ያስገኘው አንድ ነገር አለ፤ ከእንግዲህ ማንም ኩባንያ «ሲዳሞ» የእኔ ብቻ ነው ብሎ ሊያስመዘግብና የኢትዮጵያን ላኪ በገዛ ስሙ ሊከስ አይችልም። ይህ መከላከያ ነው፤ ከመከላከያ ባለፈ ሌላ ነገር ይጠበቅበት የነበረው ሌሎቹ ክፍሎች አብረውት ቢሄዱ ነበር።

አዲሱ ጠያቂ

አሁን ሰንሰለቱን የሚጠይቀው ጣዕም ፈላጊ ቆዪ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ አለመብቀሉን በካርታ ማስረጃ እንዲያሳይ ይጠይቃል። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመጋጠሚያ ነጥብ፣ ማለትም ማሳው በካርታ ላይ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ቁጥር፣ ይበቃል። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ በኢትዮጵያ የማሳዎች ምዝገባ ተጀምሯል። ጀርመንና ጣሊያን የኢትዮጵያ ቡና ነባር ገዢዎች በመሆናቸው ጉዳዩን ማሳለፍ አይቻልም።

በ2005 የንግድ ምልክት የተመረጠው እያንዳንዱን ማሳ ተከትሎ መመስከር ስለማይቻል ነበር። ያን ጊዜ የማይቻል የተባለው ሥራ ዛሬ ከብራስልስ ትእዛዝ ሆኖ መጥቷል፤ ያውም በነፃ ከሚሰጠው የስም ፈቃድ በተለየ መልኩ ወጪ ያለው ሥራ ነው። ዩኒየኖች የአባሎቻቸው ዝርዝር ስላላቸው ስልክ የያዘ ወጣት ከማሳ ማሳ እየላኩ ነጥቡን ያስመዘግባሉ። የግል ጣቢያው ግን እሸት የሚረከበው በዚያ ምሽት የተሻለ ዋጋ ሰምቶ ከመጣ ከማንኛውም ገበሬ ነው። አንዳንድ ላኪዎች የማሳውን ነጥብ በራሳቸው ወጪ አስለክተው መረጃውን የራሳቸው ንብረት ማድረግ ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ከሆነ ገበሬው በሚቀጥለው ወቅት ለሌላ ልሽጥ ቢል ነጥቡ አይከተለውም። ለሦስቱ ስሞች ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባለው፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ድርሻ ሊኖረው ይገባል፤ የስሙ ባለቤትነት በመንግሥት እጅ ሆኖ የአድራሻው ባለቤትነት በላኪው መዝገብ ከቀረ፣ የይርጋጨፌ ገበሬ በሁለቱም ላይ ተደራዳሪ አይሆንም።